ፌራሪን በገዛ እጅ መጠገን

ፌራሪ ያለው ሰው እጁን ዘይት አያስነካም የሚል እምነት አለ። መኪናዋን ለባለሙያ ይሰጣል፣ ሒሳቡን ይከፍላል፣ ታጥባ ስትመለስለት ይነዳታል። ብዙ ባለቤቶች የሚኖሩት እንደዚያ ነው። አልፈርድባቸውም። ጊዜ የሌለው አለ፣ ፍላጎት የሌለው አለ፣ መፍቻ ይዞ የማያውቅም አለ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ማሽን እጄ ገብቶ ውስጡን ከፍቼ ሳላይ መቀመጥ አይሆንልኝም።

የኔዋ 360 ሞዴና ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ የቀረበችው፣ ሞተሯን ከመቀመጫው ጀርባ የተሸከመችው። ሞተሩ 3.6 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር ነው። በአንድ ሲሊንደር 5 ቫልቭ፣ በጠቅላላው 40 ቫልቭ አለው። 400 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 8,500 ዙር ላይ ነው። ቁጥሮቹን የማነሣው ለጉራ አይደለም። እንዲህ ፈጥኖ የሚሽከረከር ሞተር ዘይቱ፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ኩላንትና ቤልቱ ችላ ሲባሉ አይታገስም።

ደግሞም ይህች መኪና በራሱ መሥራት ለሚወድ ሰው የምትመች ናት። ከሷ በፊት የነበረችው ኤፍ355 ታይሚንግ ቤልቷን፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬደውን ቀበቶ፣ ለመቀየር ሞተሯ ሙሉ በሙሉ መውረድ ነበረበት። 360 ላይ ግን መሐንዲሶቹ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የሚነሣ ክዳን አደረጉ። መቀመጫውን ወደ ፊት ገፍታችሁ፣ ምንጣፉን አንሥታችሁ፣ ክዳኑን ስትፈቱ የሞተሩ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰው እንዲደርስበት ታስቦ የተሠራ ነው። በ2004 የመጣችው ኤፍ430 ደግሞ ጭራሽ ቤልቱን ትታ ወደ ሰንሰለት ሄደች።

እነዚህን መኪኖች ከመነዳታቸው ይበልጥ የሚጎዳቸው መፈራታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቤቱ ይፈራቸዋል። ስለዚህ አይነዳቸውም፣ አይነካቸውም፣ ጨርቅ አልብሶ ያቆማቸዋል። የቆመች መኪና ደግሞ ትበላሻለች። የጎማ ማኅተሞች ይደርቃሉ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ባትሪ ይሞታል። ነዳጁ ያረጃል። ይህ ሁሉ ሲሆን የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንቅንቅ አይልም፤ ለገዢም “ብዙ ያልተነዳች” ተብላ ትቀርባለች።

ስለ አልሙኒየም ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም እነዚህ መኪኖች ላይ እጁን የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው እሱን ነው። የ360 ሻንሲ ሙሉ በሙሉ አልሙኒየም ነው፤ ፌራሪ የሠራው አልኮዋ ከተባለው የአልሙኒየም ኩባንያ ጋር ነው። የሞተሩም አካል እንደዚሁ። አልሙኒየም ቀላል ነው፣ ግን ለስላሳ ነው። የብረት ብሎን አልሙኒየም ውስጥ ሲገባ የሚሸነፈው ቀዳዳው እንጂ ብሎኑ አይደለም። በጉልበት ያጠበቀ ሰው የቀዳዳውን ጥርስ ይዞት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ቀዳዳውን በድሪል ማስፋት፣ ሄሊኮይል የሚባለውን የብረት ጥምዝ ማስገባት፣ ብናኙ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው። ብረትና አልሙኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ ደግሞ አልሙኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ብሎኑም እዚያው ይጣበቃል።

መጀመሪያ ዘይት ልቀይር ስል ማፍሰሻው ብሎን አልፈታ አለኝ። ከኔ በፊት አንድ ጋራዥ ውስጥ የነካው ሰው ከሚገባው በላይ አጥብቆታል። የብሎኑ ራስ ላይ መፍቻ የተንሸራተተበት ጭረት ይታያል፤ ማዕዘኖቹ ክብ ወደ መሆኑ ደርሰዋል። እንዲህ ሲገጥም መቸኮል አያዋጣም። ሞተሩን ለብ እስኪል አሠራሁት። አጠፋሁት። የብሎኑን ራስ በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁ። ባለ 6 ማዕዘን ቡሽላ ልክክ ብሎ እስኪገባ ድረስ በእጄ ገፋሁት። ከዚያ ረዘም ያለ እጀታ ይዤ፣ ሳልነቀንቅ፣ ቀስ እያልኩ ጫንኩት። ጠቅ አለና ለቀቀ። ጥርሶቹ ደህና ነበሩ። ብሎኑን ጣልኩት፣ አዲስ ገዛሁ። ከሥሩ ያለው ቀጭን ቀለበት ሲጠብቅ ተጨፍልቆ እንዲደፍን የተሠራ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አይሆንም። ስለዚህ በየዘይት ለውጡ አዲስ ይገባል። በጣም ትንሽ ዕቃ ነው፤ ግን ጋራዡ ወለል ላይ የምታዩት የዘይት ጠብታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሱ ነው።

የቶርክ መፍቻ፣ ማለትም ብሎኑ የሚጠብቅበትን ጉልበት የሚለካ መፍቻ፣ ያስፈልጋችኋል። “እጄ ይለካል” የሚል መካኒክ አውቃለሁ፤ ለብረት ሞተር ምናልባት ይሆን ይሆናል። ለዚህ አይሆንም። የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ በኒውተን ሜትር የጻፈውን ቁጥር ታስገባላችሁ፣ መፍቻው ጠቅ ሲል ታቆማላችሁ። አንዴ ጠቅ ካለ በኋላ “ለማረጋገጥ” ብሎ መድገም የለም። ሥራው ሲያልቅ መፍቻውን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት፤ ስፕሪንጉ ተጨንቆ ከከረመ ልኩን ያጣል። ብሎን ለመፍታትም አትጠቀሙበት።

መኪናዋን ማንሣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዝቅ ያለ ክሪክ ካልሆነ ሥር አይገባም። ሥሯ በሙሉ በጠፍጣፋ ሽፋን የተሸፈነ ስለሆነ ክሪኩ ማረፍ ያለበት ፋብሪካው ባዘጋጀው ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ጎማ ተደርጎበት። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ደግሞ አይገባም። የብረት ማቆሚያ ሳይገባ እጅም ቢሆን አይገባም። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ዘይት መለካት ቀላል ነገር ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። 360 ደረቅ ሳምፕ የሚባለው አሠራር ነው ያላት። ዘይቱ እንደ ተራ መኪና ከሞተሩ ሥር ባለው ጎድጓዳ አይተኛም። ለብቻው ታንከር አለው፤ ፓምፕ ከሥር እየሳበ ወደ ታንከሩ ይመልሰዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መለኪያውን ዘንግ ብታወጡ ዘይት የጎደለ ይመስላል። የደነገጠ ባለቤት ይጨምራል። ሲያሠራት ከልክ በላይ የሆነው ዘይት በትንፋሽ ቱቦው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይሄድና ጭስ ይሆናል። ከዚያ “ሞተሯ ዘይት ትበላለች” ተብሎ ወሬ ይነሣል። ትክክለኛው መንገድ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ሚኒሞ ላይ እየሠራ ሳለ፣ ሜዳ ቦታ ላይ መለካት ነው።

የኔዋ ኤፍ1 የሚባለው ካምቢዮ አላት። ፌራሪ ይህን አሠራር በመንገድ መኪና ላይ ያስገባው በ1997 በኤፍ355 ነው። የፍሪሲዮን ፔዳል የለም፤ ከመሪው ጀርባ ሁለት ምላሶች አሉ፣ ቀኙ ማርሽ ይጨምራል፣ ግራው ይቀንሳል። ውስጡ ግን ተራ ካምቢዮና ተራ ፍሪሲዮን ነው። የሰው እግርና እጅ የሚሠራውን ሥራ ግፊት ያለው ዘይት ይሠራዋል። ግፊቱን የሚፈጥረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ፓምፑ ከኋላ ዝዝዝ ብሎ ይነሣል፣ ትንሽ ቆይቶ ጸጥ ይላል።

ያንን ድምፅ ስሙት። እኔ በሩን ከፍቼ ሳልገባ ቆም የምለው ለሱ ነው። ቶሎ ከቆመ ግፊቱ ደርሷል ማለት ነው። እየሄዳችሁ በየጥቂት ሰከንዱ እየተነሣ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ግፊቱን የሚያጠራቅመው ክብ ዕቃ ውስጡ ያለው ናይትሮጂን ሳስቷል፣ ወይም አንድ ቦታ ግፊቱ እያመለጠ ነው። ጭራሽ አልቆም ካለ ደግሞ የፓምፑን ሪሌ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥለትን ትንሽ ዕቃ፣ ጠርጥሩ። የሪሌው ውስጠኛ ብረቶች በብልጭታ ብዛት ተበያይደው ሲቀሩ ፓምፑ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይሠራል፤ ከዚያ ይቃጠላል። ሪሌው በጣት ተይዞ የሚነቀል ርካሽ ዕቃ ነው። ፓምፑ ደግሞ ወገብ የሚያጎብጥ ወጪ ነው። ስለዚህ ሪሌውን ሳይበላሽ፣ በየጥቂት ዓመቱ እቀይረዋለሁ። ለዚህች መኪና ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ይህን ያህል የሚያተርፍ አላየሁም።

ሌላ ባለቤቶችን የሚያስደነግጥ ነገር ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው “ቀስ በል” የሚለው መብራት ነው። ትርጉሙ ካታሊስቱ፣ ማለትም ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ፣ ከልክ በላይ ግሏል ነው። እውነት ሆኖ ከተገኘ እሳት ድረስ የሚሄድ አደጋ ስለሆነ መቆም ግድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚያረጀው ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ወይም የሱ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ግራና ቀኝ ሁለት አሉ። እንዴት ይለያል? ካታሊስቱ በእርግጥ እንዳልጋለ ካረጋገጣችሁ በኋላ የግራውን ኮምፒውተር በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ቀይራችሁ ትሰካላችሁ። ጥፋቱ አብሮ ወደ ሌላው ጎን ከተሻገረ ጥፋተኛው ኮምፒውተሩ ነው። እዚያው ከቀረ ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ተመልከቱ። ዕቃ ሳይገዛ፣ በመላ ብቻ ግማሹ ሥራ ያልቃል። እንዲህ ዓይነት ፍለጋ ደስ ይለኛል፤ መኪናዋ የምትናገረውን እንደመስማት ነው።

ፍሬንና ጎማ ላይ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፤ ዕድሜ ቁጠሩ። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ውሃው የሚገባው መኪናዋ ብትነዳም ባትነዳም ነው። ቁልቁለት ላይ ደጋግሞ ፍሬን ሲያዝ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ረዳት አንድ ሰው ፔዳል ላይ ካለ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 የሚል ካያችሁ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ እንዳለ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግን እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጎማ እነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት ታገኛላችሁ። በ2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ተጋጭቶ ሁለት ሰዎች ሲሞቱ፣ መርማሪዎቹ ምክንያቱ ፍጥነት መሆኑን ገለጹ። ጎማዎቹ 9 ዓመት የሆናቸው እንደነበሩም አነሡ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው መኪናውን ሲያሳየኝ መጀመሪያ የማጎነብሰው ወደ ጎማው ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። የዚያ ዘመን የጣሊያን መኪኖች ማብሪያ ማጥፊያዎች ለጣት ለስላሳ እንዲሆኑ የጎማ ቀለም ተቀብተዋል። ዓመታት ሲያልፉ በሙቀትና በእርጥበት ቀለሙ ይቀልጥና ይጣበቃል። የመስኮቱን ማብሪያ ስትነኩ ጣታችሁ ላይ ጥቁር ነገር ይቀራል። ጥፍር ከነካው ጠባሳ ይይዛል። ማራኪ መኪና ውስጥ ገብቶ እጅን መጥረግ ያሳዝናል።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ዕቃውን ከቦታው ታወጣላችሁ፤ ፕላስቲክ መንቀያ ተጠቀሙ፣ ካቻቢቴ ቆዳውን ይቧጭራል። ሽቦውን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። ንጹሕ ጨርቅ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ ቀስ እያላችሁ ትጠርጋላችሁ። መጀመሪያ ቀለሙ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ይንከባለላል፣ ጨርቁን ያጠቁረዋል። ጨርቅ ትቀይራላችሁ። ደግማችሁ ትጠርጋላችሁ። ቀስ በቀስ ከሥሩ ጠንካራው ጥቁር ፕላስቲክ ብቅ ይላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ምልክት ያለባቸው ማብሪያዎች ላይ ምልክቱ ከቀለሙ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በማይታይ ጥግ ሞክሩ፤ ምልክት ያላቸውን ዳግም ቀብቶ ለሚያትም ባለሙያ ላኩ። ምልክት የሌላቸውን፣ የአየር ማስወጫ ክፈፎቹንና የመሐሉን ኮንሶል ግን ራሳችሁ ሥሩ። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ደረቅና ንጹሕ ዕቃ መንካት ትልቅ ደስታ ነው።

ማሻሻያ ላይ ሕጌ ጥብቅ ነው፤ ወደ ነበረበት የማልመልሰውን አልሠራም። ሬዲዮኑን ምሳሌ ላድርግ። ፋብሪካው የገጠመው ቤከር ሬዲዮ ብሉቱዝ የለውም። ሰው አውጥቶት ትልቅ ስክሪን ያስገባል፣ ሽቦውን ይቆርጣል። እኔ ከኋላው የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ ዕቃ ገዝቼ፣ አንድ ሽቦ ሳልቆርጥ፣ የመኪናዋን ፊት ሳልነካ ሙዚቃና ስልክ አገኘሁ። የወጣ ዕቃ ካለም ተጠቅልሎ፣ ስሙ ተጽፎበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

የጭስ ማውጫው ደግሞ የበለጠ ያስደስታል። 360 ማርሚታዋ ውስጥ በቫኪዩም የሚታዘዝ ቫልቭ አላት። ዝግ ሲሆን ድምፁ የታፈነ ነው፤ ሞተሩ ዙሩ ከፍ ሲል ይከፈታል። የቫኪዩሟን ቀጭን ቱቦ ነቅላችሁ ጫፏን በደንብ ብትደፍኑ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ምንም አልተገዛም፣ ምንም አልተቆረጠም። ስትፈልጉ ትመልሷታላችሁ። ድምፅ በሕግ በሚለካበት አገር ያላችሁ ግን መመለሱን አትርሱ። ካታሊስት ቆርጦ መጣል ላይ ግን አልስማማም። አየሩም የሁላችን ነው፤ መኪናዋም ያለ ካታሊስት ትሸታለች።

የፍሬን ሸራም ብዙ ሰው ይቀይራል። ለውድድር የተሠራ ሸራ እስኪግል ድረስ በደንብ አይዝም፤ መንገድ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ፍሬን ነው ሕይወት የሚያድነው። ጥሩ የመንገድ ሸራ ይበቃል። የኋላ ክንፍ፣ ትልልቅ ቸርኬ፣ የሞተር ቺፕ የሚሉትን አልፋቸዋለሁ። ፒኒንፋሪና የሠራውን ቅርጽ የማሻሽል ሰው አይደለሁም።

ዕቃ ፍለጋ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። እነዚህ መኪኖች ሁሉ ነገራቸው በልዩ የተሠራ አይደለም። የ1999ኙ ላምቦርጊኒ ዲያብሎ የፊት መብራት ከኒሳን 300ዜድኤክስ የመጣ ነው። የጃጓር ኤክስጄ220 የኋላ መብራት ከሮቨር 200 ነው። ሎተስ ኤሊዝ በኋለኞቹ ዓመታት የቶዮታ ሞተር ነው የያዘው። 360 ላይም የሞተሩ ኮምፒውተር ቦሽ ሞትሮኒክ ነው። ዕቃውን ስትነቅሉ ጎኑ ላይ ያለውን የአምራቹን ቁጥር አንብቡ። ያው ዕቃ፣ ያው ፋብሪካ፣ የፈረሱ ምልክት ያለበት ካርቶን ውስጥ ሳይገባ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ በፊደልና በአሃዝ አንድ ካልሆነ ግን “ይመስላል” ብሎ መግጠም የለም።

የማልነካውም አለ። ታይሚንግ ቤልቱን ለሚያውቀው ሰው እሰጣለሁ። ክዳኑ ቢከፈትም፣ ሥራውን ደጋግሜ ቆሜ ባየውም። ቤልቱ አንድ ጥርስ ቢስት ወይም ቢበጠስ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ። 40 ቫልቭ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍቱትን የካም ዘንጎች ልክ የሚያሲዙ መሣሪያዎችም ለብቻቸው ናቸው። ኤርባግም እንደዚሁ፤ ፈንጂ ነው፣ በግምት አይነካም። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ “ታዲያ ምኑን በራስህ ሠራህ?” ይለኛል። ቀሪውን ሁሉ ነው መልሴ። መኪናዋ ባለሙያው ጋ ስትሄድ ምን እንዳላት አውቄ ነው የምወስዳት። የዘይቱ ቀለም፣ የሸራው ውፍረት፣ የባትሪው ቮልት፣ የየሥራው ቀንና ፎቶ ተጽፎ አብሮ ይሄዳል። የአገልግሎት ማኅተም የሌለባት መኪና ዋጋዋ ይወርዳል የሚለው ሥጋት እውነት አለው። ደረሰኝ፣ የዕቃ ቁጥርና ፎቶ ያለው ደብተር ግን ለጠንቃቃ ገዢ ከባዶ ማኅተም የበለጠ ይናገራል።

አሁን ተራ የደረሳቸው የኩላንት ቱቦዎቹ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ጎማ ነው። ስትጫኑት ውስጡ የሚሰነጠቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ክላምፑ አጠገብም ደረቅ ሐምራዊ ዱቄት አለ፤ ቀስ ብሎ የሚያፈስ የኩላንት ምልክት ነው። ሲሊኮን ግጠም የሚሉኝ አሉ፤ ቀለሙ ያምራል፣ ሙቀትም ይችላል። ግን ሲሊኮን እንፋሎት ቀስ እያለ ያሳልፋል፣ ኩላንቱም ይጎድላል። ስለዚህ የፋብሪካውን ጎማ አዝዣለሁ። ከባዱ ክፍል ቱቦ መግጠሙ አይደለም። ራዲያተሮቹ ከፊት ግራና ቀኝ፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ መሐል ላይ ያለው መስመር ረጅም ነው፤ አየር ይዞ ይቀራል። የተያዘ አየር ያለበት ሞተር ደግሞ መለኪያው ደህና እያለ አንድ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ብቻውን ሊግል ይችላል። አየሩን ለማስወጣት መኪናዋን ፊቷን ከፍ አድርጎ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ኩላንት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ደረጃውን እንደገና ማየት ይገባል፤ ስለዚህ ሥራውን የምጀምረው ጠዋት ነው።